ከባልትና ሥራ ወደ ብዕር መመለስ

(ለአጥቢያ አብያተ ክርስቲያናት የሰበካ ጉባኤ አባላትና የልማት ክፍል ተጠሪዎች በተዘጋጀ የምክክር መርሐ ግብር ላይ የቀረበ ንግግር ነው። ለኅትመት እንዲመች በጥቂቱ ተስተካክሏል።)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



የመርሐ ግብሩ አዘጋጆች በላኩልኝ የጥሪ ደብዳቤ ላይ ከንግድ ሕይወት ወደ ጽሕፈት አገልግሎት የተመለሰች እኅት ተብዬ ተጠርቻለሁ። ስላከበሩኝ አመሰግናለሁ። ነገር ግን አጠራሩን የሰማ ሰው ንግዱን እንደ ስደት፣ ጽሕፈቱን እንደ አገር ቤት አድርጎ እንዳይወስደው እሰጋለሁ። ለብዙ ጊዜ ለእኔም እንዲሁ ይመስለኝ ነበር። ሽሮና በርበሬ ስመዝን በኖርሁባቸው 6 ዓመታት፣ ከሥራዬ ተለይቼ የቆየሁ፣ ጊዜው ሲያልፍ ወደ ቦታዬ የምመለስ ሰው አድርጌ ራሴን እቆጥር ነበር። ተመልሼ ብዕር ስይዝ ግን እነዚያ ዓመታት ከእጄ እንዳልወጡ ተረዳሁ። ዛሬ የምናገረው ስለዚሁ ነው፤ የእናንተንም ሥራ የሚነካ ስለ ሆነ በትዕግሥት እንድትሰሙኝ እለምናለሁ።

በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 የተጻፈውን ታሪክ አባቶች ከእኔ ይልቅ ታውቁታላችሁ። በዕለታዊው የምግብ እደላ መበለቶቻቸው የተዘነጉባቸው ወገኖች አጉረመረሙ፤ ሐዋርያትም ቃሉን ትተው ማዕድ ማገልገል እንደማይገባቸው ገልጸው ሰባት ዲያቆናት እንዲመረጡ አደረጉ። በወጣትነቴ ይህን ክፍል ሳነብ ልቤ የሚያርፈው ቃሉ ከማዕዱ መለየቱ ላይ ነበር። ጸሐፊ ነኝ ብዬ ስለማምን ራሴን ከቃሉ ወገን እመድብ ነበርና። ከማዕዱ ወጥቼ ስመለስ ያየሁት ሌላ ነው። ጉዳዩ የተነሣው ማን ተቀበለ፣ ማን ተዘነጋ በሚል ጥያቄ ነው። ለዚያ ሥራ የተመረጡትም መንፈስ ቅዱስና ጥበብ የሞላባቸው ሰዎች እንዲሆኑ ታዘዘ፤ ከእነርሱም አንዱ ቀዳሜ ሰማዕት ቅዱስ እስጢፋኖስ ነው። ማዕድ ቀላል ሥራ ቢሆን ኖሮ ለዚያ እንዲህ ያለ ሰው ባልተፈለገ ነበር።

ወደ ባልትናው ከመግባቴ በፊት ለ11 ዓመት ያህል በአንድ መንፈሳዊ ኅትመት ላይ ስጽፍ ቆይቻለሁ። የክብረ በዓላት ዜና፣ የልማት ሥራዎች ዘገባ፣ አልፎ አልፎም ለሕፃናት የሚሆን ታሪክ አዘጋጅ ነበር። በእነዚያ ዘገባዎቼ ውስጥ ያልተሳካ ሥራ አታገኙም። የውኃ ጉድጓዱ በእግዚአብሔር ቸርነት በተሳካ ሁኔታ ይጠናቀቃል፤ ችግኙ በከፍተኛ ድምቀት ይተከላል፤ ምእመናኑ በነቂስ ይወጣሉ። ከዓመት በኋላ ከችግኙ ስንቱ እንደ ጸደቀ ተመልሼ አልጠየቅሁም። የጠየቀኝም አልነበረም። እንዋሽ ነበር ማለቴ አይደለም፤ የዓረፍተ ነገሩ ቅርጽ አስቀድሞ ተዘጋጅቶ ስለሚጠብቀን የምናየውን ሁሉ በዚያ ቅርጽ ውስጥ እናፈስሰው ነበር።

ከዚያ ባለቤቴ ታመመ። በዚያው ሰሞን የወረቀትና የኅትመት ዋጋ በማሻቀቡ ኅትመቱ በየወሩ መውጣቱ ቀረና በዓመት ሁለት ጊዜ ብቻ መታተም ጀመረ። በጽሑፍ ቁጥር የሚከፈለኝ ሰው ነበርሁና ቤታችን በዓመት ሁለት ጽሑፍ ሊኖር አልቻለም። የጽዋ ማኅበራችን አባላት ገንዘብ አዋጥተው መነሻ ሰጡኝ፤ አማቴም የራሳቸውን ሙቀጫና ዘነዘና ሰጡኝ። በደብረ ብርሃን ከተማ፣ በቤታችን ጓሮ፣ የሽሮና የበርበሬ ሥራ ጀመርሁ።

በሰበካ ጉባኤያችሁ ሴቶች በባልትና ተደራጅተው እንዲሠሩ ለምትደግፉ ወገኖች፣ ሥራው ከውጭ እንደሚታየው አለመሆኑን ልናገር። ብዙ ሰው ባልትና ማለት እናቶች የሚያውቁትን ማባዛት ይመስለዋል። ለአንድ ቤት የሚሆነውን በርበሬ አሳምሮ ማዘጋጀትና በየሳምንቱ አንድ ዓይነት የሆነ 100 ኪሎ ማውጣት ግን የተለያዩ ሙያዎች ናቸው። ከማረቆና ከአላባ የሚመጣውን ዛላ በርበሬ የምገዛው አዲስ አበባ፣ መርካቶ፣ በርበሬ በረንዳ ነው። ጥሩው ጊዜ አዝመራው ገብቶ ገበያው የሚሞላበት ታኅሣሥና ጥር ነው፤ በዚያ ወቅት የዓመቱን ለመግዛት ግን የዓመቱ ገንዘብ በእጅ ሊኖር ይገባል። የእኔ መነሻ ለሁለት ወር ብቻ የሚበቃ ስለ ነበር ከሁሉ ውድ በሆነበት በክረምት መግቢያ እንደ ገና ስገዛ እገኝ ነበር። በርበሬው ተለቅሞ ጭራው ሲቀነጠስ ከ100 ኪሎው 10 እና 12 ኪሎ ይወጣል። ነጭ ሽንኩርቱ፣ ዝንጅብሉ፣ በሶብላው እርጥብ ሆኖ ይገባበታል፤ ከዚያ በፀሐይ ይሰጣል። ፀሐዩ ነው ዋናው ሠራተኛ። ደብረ ብርሃን ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ያለች ብርዳም ከተማ ናት፤ በሐምሌና በነሐሴ ያ ሠራተኛ የለም።

ገበያውን የሚመራው የቤተ ክርስቲያናችን የዘመን አቆጣጠር ነው። ይህን ለማወቅ ነጋዴ መሆን አስፈልጎኛል ብል አታፍሩብኝ። ዓቢይ ጾም ከመግባቱ በፊት ባሉት ሁለት ሳምንታት የሚሸጠው ሽሮ በበጋ ሁለት ወር ከሚሸጠው ይበልጣል። ከትንሣኤ በኋላ በበዓለ ሃምሳ ረቡዕና ዓርብ ስለማይጾም ሽሮው ይቆማል፤ ለዶሮ ወጥ የሚሆነው በርበሬ ደግሞ ይፈለጋል። ዓቢይ ጾም በየዓመቱ ስለሚዟዟር የዘንድሮውን ዕቅድ ካለፈው ዓመት መገልበጥ አይቻልም። በሁለተኛው ዓመት ባሕረ ሐሳብ የሚያውቁ አንድ መሪጌታ አስቀርቤ አጽዋማቱን አስቀድሜ እጠይቃቸው ጀመር። እርሳቸውም የአዲስ ዓመትን ነገር ሰው ለጸሎት ሲጠይቃቸው እንጂ ለሽሮ ሲጠይቃቸው የመጀመሪያቸው እንደ ሆነ እየሳቁ ነገሩኝ።

አሁን ወደ መጣሁበት ነገር ልግባ። በሁለተኛው ክረምት፣ በሐምሌ መጨረሻ፣ አጥቢያችን ለነሐሴ 16 የኪዳነ ምሕረት በዓል ለነዳያን ማዕድ የሚሆን በርበሬ አዘዘ። ፀሐይ አልነበረም። የተደለዘውን በርበሬ በቤት ውስጥ፣ ከከሰል ምድጃ አጠገብ፣ በሰሌን ላይ አስጥቼ ደርቋል ስል አስፈጨሁት። የወፍጮ ቤቱ ሒሳብ 140 ኪሎ ነው ያለው። 40 ኪሎውን ለቤተ ክርስቲያኑ ሰጠሁ፤ 100 ኪሎውን በየሱቁና ለደንበኞች አከፋፈልሁ።

ነሐሴ 13 ቀን በቤተ ክርስቲያኑ ወጥ ቤት የሚያገለግሉ አንዲት እማሆይ አስጠሩኝ። ከረጢቱን ፈትተው በመዳፋቸው ዘግነው ቆይተውኛል። «ልጄ፣ ይህ በርበሬ ታምሟል» አሉኝ። አሸተትሁት፤ ምድር ቤት ምድር ቤት ይላል። በውስጡ የተያያዙ ጓሎች ነበሩበት፤ ስሰብራቸው መካከላቸው ነጣ ብሏል። ሻግቶ ነበር። ሳይደርቅ የተከማቸ በርበሬ ላይ የሚበቅለው ሻጋታ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ሊያመነጭ እንደሚችል፣ ይህም ጉበትን እንደሚጎዳ፣ በማብሰልም በቀላሉ እንደማይጠፋ ያኔ አላውቅም ነበር። መጣል እንዳለበት ግን አውቄአለሁ፤ የእማሆይን ከረጢት እዚያው በእሳት አቃጠልነው። ሦስት ቀን በቀረው በዓል ሌላ በርበሬ ከየት እንደ መጣ ላስረዳ አልችልም፤ እማሆይ ከየቤቱ ለምነው ሞሉት።

እማሆይ ቀጥለው የጠየቁኝ ነው እስከ ዛሬ ያልለቀቀኝ። «ሌላው ለማን ለማን ደረሰ?» አሉኝ።

አላውቅም ነበር። ለ11 ዓመት በጽሑፍ እንጀራ የበላሁ ሰው፣ በሥራዬ ላይ አንዲት መስመር አልጻፍሁም ነበር። ዱቤ የወሰደውን በአእምሮዬ እይዛለሁ፤ በእጅ በእጅ የከፈለውን ከከፈለ በኋላ እረሳዋለሁ። በየትኛው ቀን የተፈጨ፣ በየትኛው ከረጢት የገባ የሚል ምልክት የለም። ከደብተር ጋር ያለኝ ነገር ተቋርጧል፣ አሁን ነጋዴ ነኝ ብዬ ነበርና። በዚያ ዝናብ ለሁለት ቀን ከሱቅ ሱቅ፣ ከቤት ቤት ዞርሁ። በ17 ሱቆችና በማስታውሳቸው ደንበኞች ቤት 43 ኪሎ አግኝቼ ገንዘባቸውን መለስሁ። 57 ኪሎ የት እንደ ገባ አሁንም አላውቅም። ማን እንደ በላው፣ ማንን እንዳሳመመ አላውቅም። ለንስሐ አባቴ ነግሬአለሁ፤ የነገርሁትም ሆነ የታዘዝሁት በእኔና በእርሳቸው መካከል ይቆያል። ይህን ለእናንተ የምነግራችሁ በየአጥቢያችሁ ዳቦ መጋገሪያ፣ ወፍጮ፣ የባልትና ሱቅ እንዳላችሁ ስለማውቅ ነው።

በመስከረም አንድ ባለ 50 ሉክ ደብተር ገዛሁ። በመጀመሪያ የቀን፣ የኪሎ፣ የገዢ፣ የዋጋ መስመር ብቻ ነበረው። በየከረጢቱ ላይም የተፈጨበትን ቀን በእስክሪብቶ ጽፌ እለጥፍ ጀመርሁ። ከወር በኋላ ቁጥሩ ብቻውን እንደማይናገር አየሁ። ኅዳር 9 ቀን 4 ኪሎ ተበላሸ ይላል፤ ለምን? ስለዚህ ከቁጥሩ አጠገብ አንድ ዓረፍተ ነገር ማከል ጀመርሁ። በርበሬው ከመርካቶ ሲመጣ በመኪናው ላይ ዝናብ መታው። ባለ ሱቁ ከጨው አጠገብ አስቀመጠው። የምትቀነጥሰዋ ልጅ ዓይኗ ስለ ታመመ በእኔ ቸኮላ ተለቀመ። እነዚህ ዓረፍተ ነገሮች አጫጭር ናቸው፤ ጌጥ የላቸውም፤ ከሌላ ሰው በፊት በእኔ ላይ ይመሰክራሉ። በ4 ዓመት ውስጥ 9 ደብተር ሞላ።

አንድ ሌሊት፣ ባለቤቴ እንቅልፍ አልወስድ ብሎት የምታነቢውን አሰሚኝ ሲለኝ፣ በእጄ ያለው ደብተሩ ስለ ነበር ከዚያው አነበብሁለት። ከታመመ ጀምሮ እንደዚያ ሲያዳምጠኝ አላየሁም። በማግስቱ ቀጣዩን አንብቢልኝ አለኝ። ወደ ጽሕፈት የተመለስሁት በዚያ ሌሊት ነው ብል ትንሽ ታሪክ ማሳመር ይሆንብኛል፤ ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ፈጅቷል። ነገር ግን ለካ መጻፍ አላቆምሁም ብዬ ያሰብሁት ያኔ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። አበው መምህራን የተውልን ትልቁ የግእዝ መዝገበ ቃላት የሦስት ሰዎች ሥራ ነው። መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ ጀመሩት፤ ደቀ መዝሙራቸው አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ዕድሜያቸውን ሰጥተው ገነቡት፤ እርሳቸውም ኅትመቱን ሳያዩ ዐረፉ። አለቃ ደስታ ተክለ ወልድ አደራውን ተቀብለው በ1948 ዓ.ም. አሳተሙት፤ የራሳቸው የአማርኛ መዝገበ ቃላት ደግሞ በ1962 ዓ.ም. ወጣ። ስደት፣ ጦርነት፣ ሞት ያቋረጠው ሥራ የቀጠለው የመጀመሪያው ሰው ያወቀውን በወረቀት ላይ ስላኖረው ነው። የእኔን የበርበሬ ደብተር ከዚያ ጋር ለማመሳሰል አይደለም፤ እንደዚያ ቢመስልባችሁ ይቅር በሉኝ። ሥራ ሲቋረጥ የሚጠፋው ያልተጻፈው ብቻ መሆኑን ግን ከእነርሱ ተምሬአለሁ።

የተመለስሁበትን መንገድ የሚጠይቁኝ ብዙዎች ስለ ሆኑ በአጭሩ ልናገር። ሥራውን በአንድ ቀን አልዘጋሁትም። ከእኔ ጋር ይሠሩ ለነበሩ ሁለት እኅቶች መዝገብ አያያዝ ለማስተማር አንድ ዓመት ፈጀብኝ። አንደኛዋ ከአራተኛ ክፍል ያቋረጠች ናት፤ ዛሬ የእርሷ መዝገብ ከእኔ ይበልጥ የጠራ ነው። ዕቃውን በዱቤ ሰጠኋቸው፤ በ18 ወር ከፍለው ጨረሱ። በዚያ ዓመት እኔ ከሌሊቱ 10 ሰዓት እስከ 12 ሰዓት እጽፋለሁ፤ ከዚያ ወደ በርበሬው እገባለሁ። ባለቤቴ አሁን፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ በከዘራ ይሄዳል። ገቢዬ ከባልትናው አገኘው ከነበረው ሲሶ ያህል ነው። ይህን የምናገረው ለማሳዘን ሳይሆን፣ ጸሐፊ የምትፈልጉ አጥቢያዎች ጸሐፊም እንደሚበላ እንድታስታውሱ ነው። የአብነት ተማሪዎቻችን የቆሎ ተማሪ ተብለው የተጠሩት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ቃሉና ቆሎው በአንድ አኮፋዳ ነበሩ።

እጄ ዝጎ ነበር። የመጀመሪያዋን ባለ አራት ገጽ ጽሑፍ ለመጨረስ ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። የቀድሞ ባልደረቦቼ ቋንቋሽ ደረቀ አሉኝ፤ እውነታቸውን ነው። አንባቢውም ተለውጦ ጠበቀኝ፤ ወጣቱ በስልኩ፣ በቴሌግራም ነው የሚያነበው፤ በመጀመሪያዎቹ ሁለት መስመሮች ምን እንደምትነግሩት ካላወቀ ያልፋችኋል። አዘጋጆቹም ከእኔ ልጆች ብዙም የማይበልጡ ናቸው፤ ጽሑፌን ሲያርሙ ስሜን አንቱ እያሉ ነው የሚያርሙት፣ እርማቱ ግን አንቱታ የለውም።

ያ የመጀመሪያ ጽሑፍ ስለ አንድ ወፍጮ ነበር። አንድ የገጠር አጥቢያ ከበጎ አድራጊዎች በተገኘ ገንዘብ የእህል ወፍጮ ገዝቶ ቤት ሠራለት፤ በዓል ተደርጎ ተመረቀ፤ ተባርኮም ተከፈተ። ሞተሩ የሚፈልገው ስሪ ፌዝ የሚባለውን መስመር ነው፤ ወደ መንደሩ የገባው ለመብራት ብቻ የሚበቃ ነው። ስሄድ ከተመረቀ 14 ወር ሆኖታል፤ አንድ ቀን አልፈጨም። የመንደሩ ሴቶች እህላቸውን ተሸክመው እንደ ቀድሞው የሁለት ሰዓት መንገድ ይሄዳሉ። የሰበካ ጉባኤው ሰዎች ቅን ሰዎች ናቸው፤ ከኪሳቸው ያወጡም አሉ። የሻጩን ቃል ሰምተው ገዙ እንጂ መስመሩን አስቀድሞ መጠየቅ እንዳለባቸው የነገራቸው አልነበረም። እኔ እንዳየሁት ጻፍሁት።

ጽሑፉ ሦስት ጊዜ ተመለሰብኝ። አዘጋጁ ያንጻል ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ጥያቄው የቤተ ክርስቲያን ጥያቄ ነውና አልናቅሁትም፤ ሌሊቱን አሰብሁበት። የአጥቢያው ሊቀ መንበርም ደውለው እኛ ለፍተን በጋዜጣ ልትሰድቢን ነው ወይ አሉኝ። ሄጄ አጠገባቸው ተቀመጥሁና የራሴን የ57 ኪሎውን ነገር አንድም ሳላስቀር ነገርኋቸው። ዝም ብለው ቆዩና የወፍጮውን ደረሰኝና የመብራቱን ደብዳቤ አውጥተው ሰጡኝ፤ በጽሑፉ ያልነበረውን ግማሹን ነገር ያገኘሁት ከዚያ ነው። ከ7 ወር በኋላ የአጥቢያው ስም ሳይጠቀስ ታተመ። በዚያው ወር ሁለት አጥቢያዎች ወፍጮ ከመግዛታችን በፊት ምን እንጠይቅ ብለው ጻፉልን። አንደኛው በናፍጣ የሚሠራ ገዛ፤ ሁለተኛው ገንዘቡን ለእህል ጎተራ አዋለው። የመጀመሪያው ወፍጮ ግን ይህን ንግግር እስከማዘጋጅ ድረስ አልፈጨም። ይህንንም ማለት አለብኝ።

እንግዲህ ከእናንተ የምጠይቀው ይህን ነው። በየአጥቢያችሁ ለሚካሄደው የልማት ሥራ ሁሉ አንድ ደብተር ይኑር፤ በደብተሩም ውስጥ የተበላሸው የሚጻፍበት ገጽ ይኑር። ያ ገጽ ባዶ ሆኖ ዓመት ካለፈ ሥራው የተባረከ ነው ብላችሁ ከመደሰታችሁ በፊት ጸሐፊው ፈርቶ እንደ ሆነ ጠይቁ። ደብተሩን የሚይዘው ሰው ሥራውን በሚመራው ሰው ሥር አይሁን፤ የሚከብድ መሆኑን አውቃለሁ፣ በትንሽ አጥቢያ ሰው ሁሉ ዘመድ ነው። ከሰንበት ትምህርት ቤት አንድ ልጅ ቢመደብ ይቻላል፤ ለእስክሪብቶውና ለመሳፈሪያው ግን አስቡለት። ዓመታዊ ሪፖርት ለጉባኤው ሲነበብ የተሳካውንም ያልተሳካውንም በአንድ ድምፅ ማንበብ ልመዱ። ምእመናኑ ከገመታችሁት በላይ ይችሉታል፤ ዐሥራታቸውን ያወጡበት ነገር ነውና።

አንድ ሌላም አለ። በየአጥቢያችሁ መጻፍ የሚችሉ፣ ቅኔ የተማሩ፣ ብራና የሚጽፉ፣ አሁን ግን ቆሎ የሚቆሉ፣ ሻይ የሚያፈሉ፣ እንጀራ ጋግረው የሚሸጡ ሰዎች አሉ። ተሰጥኦአችሁን ቀበራችሁ እያላችሁ አታሳፍሯቸው። ከሥራቸውም በአንድ ቀን አታንሷቸው፤ ደመወዝ የሌለው አገልግሎት ቤታቸውን ይዘጋዋል። የሚያውቁትን ሥራ እንዲጽፉ ጠይቋቸው። ስለ እንጀራው ይጻፉ፤ ስለ ማገዶው፣ ስለ ዱቤው ይጻፉ። ለእኔ ያን ጊዜ እንዲህ ያለ ሰው ቢጠይቀኝ ኖሮ ደብተሩን ከነሐሴ 13 በፊት እጀምረው ነበር።

ባለፈው ሳምንት ይህን ንግግር ይዤ እማሆይ ዘንድ ሄድሁ። ማንበብ አይችሉም፤ ስማቸውን ባልጠራም ስለ እርሳቸው የተናገርሁትን ሳይሰሙ ለጉባኤ ማቅረብ አልፈለግሁም። በደጀ ሰላሙ አግዳሚ ላይ ተቀምጠን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበብሁላቸው። ስለ ከረጢቱ ያለውን ሲሰሙ አቋረጡኝ።

«40 ኪሎ አይደለም» አሉኝ። «እኛ ስንመዝነው 38 ነበር።»

ተሳስተው ይሆናል ብዬ እንደ ገና ጠየቅኋቸው።

«ከዚያም በፊት ስታመጪ ጎደል ይል ነበር። ሚዛንሽ ነው እንጂ አንቺ እንዳልሆንሽ እናውቃለን። ባልሽ አልጋ ላይ ስለ ነበር ዝም ብለንሽ ነው።»

ያን ሚዛን ሥራውን ስጀምር ያገለገለ ገዝቼው ነው። በእርሱ 6 ዓመት ሸጫለሁ፤ ሥራውን የተረከቡት እኅቶችም ሦስት ዓመት መዝነውበታል። በደብተሮቼ ሁሉ ያለው የኪሎ ቁጥር የተጻፈው በእርሱ ነው። በማግስቱ ከሁለቱ እኅቶች ጋር ሚዛኑን ይዘን ሄደን በታወቀ ክብደት አስፈተሽነው። እማሆይ ልክ ነበሩ።

እኅቶች ሌላ ሚዛን ገዝተዋል። እኔ ደግሞ በዚህ ንግግር ላይ ቁጥሩን ላርመው አስቤ ተውሁት፤ 40 ብዬ የጻፍሁትን እንዳለ ትቼ የእማሆይን ቃል በዚህ አክዬበታለሁ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር። አሜን።